ባሕር ዳር ላረፈችው ልጄ

ይድረስ ለልጄ ለሔለን ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አቴንስ።

እንደምን ነሽ? ጤናሽን እንደምን ነሽ? እግርሽን፣ ወገብሽን፣ ያን ሲበርድ የሚቆረጥምሽን ጉልበትሽን እንደምን ነሽ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት፣ ወይዘሮ ፎቲኒ እንደምን ናቸው? ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ የማስጽፈው ወጉ ስለሆነ ነው። አንቺም ሳታነቢው አልፈሽ ወደ ወሬው እንደምትሮጪ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አትለፊው። የጠየቅሁሽን አንድ በአንድ እንድትመልሺልኝ እፈልጋለሁ። እኔስ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ፍልሰታ ነው፣ ጾም ይዤ አልዋሽም።

ፊደሌ መጠማመሙን አይተሽ እንዳትስቂ። መቼም እኔ እናገራለሁ፣ ልጅሽ ሶሊያና ትጽፋለች፣ መሃል ላይ «እማማ ቀስ በይ፣ እጄ ዛለ» ትለኛለች። ዛሬ ለእሷ የማላስነብባት ነገር ስላለ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ራሴ ይዤዋለሁ። ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አልለይም፣ ስምሽን በየትኛው እንደጀመርኩት እንኳ እንጃ። የምጽፈው በሶሊያና የአምና ደብተር ላይ ነው፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ አለ፣ እሱን እለፊው። የተቀመጥኩት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥዱ ሥር ነው። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ ልጅቷ ዓይኗ ሹል ነው። እንግዲህ ስሚኝ። እዚህ ሞታለች ይሉሻል። እኔ ደግሞ ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ብዬ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው።

ከፎቶዋ ልጀምር። ያለፈው እሑድ፣ ነሐሴ አራት፣ በወንድምሽ በተስፋሁን ስልክ አንድ ፎቶ ላክሽ፣ ከሥሯ አንድ ቃል የላትም። ተስፋሁን ከሽመናው ጉድጓድ ሳይወጣ እጁን ዘርግቶ አሳየን። ነጭ በነጭ የተቀቡ ቤቶች፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ወንበር ላይ የተኛች ድመት። ገመድ ላይ ብዙ እግር ያለው ነገር ተሰቅሏል፣ እኔ ያረጀ ጓንት መስሎኝ ነበር። ሶሊያና የባሕር አውሬ ነው፣ ሰዎቹ ይበሉታል አለችኝ። በጾም ነው በፍስክ ብዬ ብጠይቃት እሱን አልተማርንም አለች። ከዚያ ባሕሩ። ወጥረው እንደዘረጉት ድር አንዲት እጥፋት የለውም። ሰውም የለም። እንዲህ ጭር ያለ ሰፈር እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ቀብር የሄደ ለት ነው የሚታየው፣ ያኔውኑ ደስ አላለኝም። መሬቱ ላይ ግን ጥላሽ ወድቋል፣ ክንድሽን ከፍ አድርገሽ። ሶሊያና «ይቺ እማዬ ናት» ብላ በጣቷ ስትነካው ፎቶው ተለጠጠና ጥላሽ ከስልኩ ወጣ። ያኔ ስቀን ነበር።

ረቡዕ ለት እኔ ቅዳሴ ላይ ሆኜ በወልዱ ሱቅ ስልክ ተደወለ። ወልዱን አትረሺውም፣ ከእኛ በር ሦስተኛው ላይ ያለው ባለሱቅ፣ የዕድራችን ጸሐፊ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በሞተ ቁጥር ለዘመድ የሚያረዳው፣ መዝገብ ላይ የሚጽፈው፣ ድንኳን የሚያስወጣው እሱ ነው። የደወለችው ልዩ ነኝ አለች አሉ፣ የሔለን ጓደኛ፣ ከአቴንስ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ግማሹ ይሰማል ግማሹ ይቆረጣል። «ሔለን ባሕር ዳር አርፋለች» ብላ፣ «አትጠብቋት» ብላ፣ ተቋረጠች። የሱቁ ስልክ ያ የድሮው የቤት ስልክ ነው፣ የደዋይ ቁጥር አያሳይም፣ መልሶ መደወል የለ። ወልዱ ደግሞ አርፋለች ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ለእኔ አልነገሩኝም። ለተስፋሁን ብቻ ነግረው አሳደሩኝ፣ መቼም መርዶ በጠዋት ነው። ሐሙስ ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት የመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደመጣ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ሶሊያና ጎኔ ተኝታለች። ቀስ ብዬ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ካፊያ ነው። ወልዱ፣ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች፣ ሦስት ሴቶች። ሁሉም ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀዋል፣ ከታች መሆን ያለበት ጥለት አንገታቸው ላይ ነው። የሸማኔ ሚስት አይደለሁ፣ ከፊታቸው በፊት ጥለቱን ነው ያየሁት። ተስፋሁን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ወልዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «እትዬ የሺመቤት፣ እንግዲህ የፈጣሪ ሥራ ነው» ብሎ ሲጀምር «አታዙርብኝ፣ ማን?» አልኩት። ነገረኝ።

 አንዷ ሴትዮ እዬዬ ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት። ውስጥ ልጅ ተኝታለች አልኳት። እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ቢያሰማ እኔ የዚህ ዕድር አባል አይደለሁም፣ ስሞት ራሴ ተነሥቼ እቀበራለሁ አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ሬሳው ባሕር ዳር ከሆነ እኮ ቅርብ ነው፣ መኪና ተኮናትረን እናምጣት» አሉ። ሁለተኛው ቆጣ ብለው «ልጅቷ ያለችው ግሪክ፣ ባሕር ዳር ምን ልትሠራ ትመጣለች» አሉ። «ለእናቷ ሳትነግር ገብታ ቢሆንስ፣ ጣና ልትጎበኝ» አሉ የፊተኛው። እኔ ቆሜ፣ ካፊያው እየወረደብኝ፣ እነሱ የጎጃምን መንገድ ይከራከሩልኛል። ተስፋሁን ነው በመጨረሻ «ባሕር ዳር ማለት የባሕሩ ዳር ነው፣ ፎቶ ልካልናለች» ያላቸው። ያን ሲል እኔም ባሕሩ ትዝ አለኝ። አንድ እጥፋት የሌለው።

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደዋልን አትጠይቂኝ። ወደ አንቺ ስልክ ስንደውል አንዲት ሴት በግሪክኛ ታወራለች። ተስፋሁን «ስልኩ ዝግ ነው ነው የምትለው» ይለኛል። ግሪክኛውን ማን አስተማረህ ብለው «እማዬ፣ ቃናው ያስታውቃል» አለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ የፓስፖርቷን ቁጥር አምጣ ብለውት ባዶ እጁን ተመለሰ። የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ታዝዞ ሞልቶ ሳለ መወርወሪያውን አልነካም። አባትሽ የሞተ ለት እንኳ ያ ዕቃ እንዲህ ዝም አላለም። የሚመጡትን ሴቶች በር ላይ እየጠበቅሁ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ግቡ እላለሁ፣ እነሱም ልጅቷን አይተው ዓይናቸው ሲሞላ ክተፉልኝ ብዬ ሽንኩርት እሰጣቸዋለሁ። ሶሊያና ሰው ለምን በዛ ስትለኝ ለተስፋሁን ሚስት ሊፈልጉለት ነው አልኳት። ጾም ይዤ የዋሸሁት እሷን ብቻ ነው። ልጅቷ አልሳቀችም። ከሐሙስ ጀምሮ ያን አረንጓዴ ሹራቧን አታወልቅም፣ ምድጃ ዳር ሆና እንኳ በረደኝ ትላለች፣ ክረምቱ ነው ብዬ ተውኳት።

ዛሬ ዓርብ፣ ነሐሴ ዘጠኝ፣ ተሸነፍኩልሽ። ተስፋሁን «እማዬ፣ ልጅቷ መንገድ ላይ ከሰው አፍ ትስማው?» አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለሶሊያናም ያን ቀን ይነገራታል ተባለ። እሺ አልኩ። እሺ ብዬ እዚህ መጥቼ እመቤቴን ስለምን ዋልኩ። የለመንኳት ምን መሰለሽ፣ መልስ ስጪኝ ብቻ ነው። ሻማዬን እንኳ ለነፍስ ይሁን ለጤና ሳልናገር ነው ያበራሁት።

ቅዳሜ ነው ዛሬ። ትናንት ዝናብ አስነሣኝ። ጠዋት ሶሊያናን ወደ ክረምት ትምህርቷ ሸኝቼ ወልዱ ሱቅ ሄድኩ። ሌሊቱን ሳስበው አንድ ነገር ከነከነኝ። እንግዳ መጣ ሲባል የት አረፈ ይባል የለ? ሆቴል አረፈ፣ እኅቱ ቤት አረፈ። ሥራ የደከመውስ ትንሽ ልረፍ ይል የለ? ይህን ቃል ለቀብር ብቻ የሰጠው ማነው አልኩ። ወልዱ ጋ ስደርስ የሰማኸውን ትርጉሙን ሳይሆን ቃሉን ስጠኝ፣ እንደወረደ አልኩት። «እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ» አለኝ። አልነገርከኝም፣ አለቀስክልኝ አልኩት። ሲጨንቀው ጊዜ መዝገቡን አወጣ። ለካ ጸሐፊ ጸሐፊ ነው፣ ልጅቷ ስታወራ እሱ በእርሳስ ይጭር ነበር።

አንብብልኝ አልኩት። «ሔለን ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ባሕር ዳር አርፋለች። ከዚያ መስመሩ ተበላሸ። ባሕር ገብቶ። ከዚያ ተበላሸ። እሑድ። አትጠብቋት።» ቆይ አልኩት። ድገምልኝ። «ባሕር ገብቶ።» ማነው የገባው? «ሔለን ነቻ።» ሔለን ሴት ናት፣ አንተ የጻፍከው ገብቶ ነው፣ ወንድ ነው አልኩት። መዝገቡን ነጥቄ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። ገብቶ። ባሕር ማን እንደገባ አላውቅም ወልዱ፣ ማንም ይሁን ነፍሱን ይማረው፣ የኔ ልጅ ግን አይደለችም አልኩት። እሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እትዬ የሺመቤት፣ ችኮላ ላይ ነበርኩ፣ ገብታ ለማለት ገብቶ ብዬ ቢሆንስ፣ ልዩነቱ አንዲት ጭረት እኮ ናት» አለኝ። እሑድስ አልኩት። የቀብሯ ቀን መስሎት ኖሯል። በል እሱም አይሆንም አልልህም አልኩት፣ ግን እሑድን ይዘን እንጠብቅ።

ይኸው አየሽ ልጄ፣ ነፍስሽ በወልዱ እርሳስ ላይ ተንጠልጥላለች። ታ ከሆነች ሐዘን ነው፣ ቶ ከሆነች ገና ተስፋ አለ። ለተስፋሁን ብነግረው «እማዬ ራስሽን አትሸንግዪ» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የድንኳኑን ቋሚዎች አምጥተው አጥራችን ላይ አስደገፏቸው። ሶሊያና ቆማ አየቻቸው፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ያ አለመጠየቋ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ። እዚህ ላይ ላቁመው፣ ፊደሉ ሁሉ ቶ እየሆነብኝ ነው።

እሑድ። ይህን የምጽፈው ማታ ራት ሳይቀርብ ነው። ያልኩትን ሁሉ እንደጻፍኩት ትቼዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ከቅዳሴ በቀጥታ ወልዱ ሱቅ ገባሁና የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሶሊያናን ቤት ሁኚ ብላት አልሆንም አለች፣ ሳሙናው መደርደሪያ ሥር ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ውጭ ሰዎቹ ድንኳኑን ዘርግተው የእኔን ቃል ይጠብቃሉ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ምንም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ወልዱ በሁለት እጁ አነሣው። አንዲት ሴትዮ ቡታጋዝ መጥቷል ወይ ትላለች። አልመጣም አላት፣ ድምፁ ግን መርዶ የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። ተስፋሁን በሩ ላይ መጥቶ «እማዬ፣ ሰው ቆሞ ነው እኮ» አለኝ። ይቁም አልኩ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሁለተኛ ሲጮህ ወልዱ እጁን ዘርግቶ ፈራው። አንሣው እንጂ አልኩት። አንሥቶ «ሃሎ» አለ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና የስኳር ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ እንደምን ነሽ» አልሽኝ።

ደህና ነኝ፣ አንቺ እንደምን ነሽ አልኩሽ። «ደህና ነኝ» አልሽ። አላመንኩሽም። እግርሽንስ አልኩ። «እግሬም ደህና ነው።» ወገብሽንስ። ጉልበትሽንስ። ሳቅሽ፣ «ዛሬ ምን ነካሽ፣ ሐኪም ሆንሽ እንዴ» አልሽኝ። ያን ሳቅሽን ስሰማ ነው ያመንኩት፣ እንደ አባትሽ መጨረሻ ላይ በአፍንጫሽ ነው የምትስቂው።

ከዚያማ አንቺ አወራሽ፣ እኔ ዝም አልኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? የወይዘሮ ፎቲኒ ልጆች እናታቸውንና አንቺን ባሕሩ ዳር ወዳለው ትውልድ መንደራቸው ወስደው «ሁለት ሳምንት እኛ እናያታለን፣ አንቺ ዕረፊ» እንዳሉሽ። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያሽ እንደሆነ። እስከ ረፋድ እንደምትተኚ፣ እግርሽን ውኃው ውስጥ ከተሽ ቁጭ እንደምትዪ፣ የሚቀሰቅስሽ ደወል እንደሌለ። ድመቷን ፎቶ ልታነሺ ጎንበስ ስትዪ ስልክሽ አምልጦ ባሕር እንደገባ። ወልዱን ቀና ብዬ አየሁት፣ ገብቶ አልኩት በከንፈሬ፣ ራሱን ያዘ። በቃልሽ የምታውቂው የአገር ቤት ቁጥር ከልጅነትሽ ጀምሮ የወልዱ ሱቅ ብቻ ስለሆነ በሰው ስልክ ለልዩ ነግረሽ እሷ እንድትደውል አደረግሽ፣ ስልኳ ተበላሽቷል፣ እስከ እሑድ አትጠብቋት በይ ብለሽ። ልጅቷ ምን አጠፋች፣ ሁሉንም ብላዋለች። መስመሩ ነው የሚፈልገውን መርጦ የበላው።

ዓርብ ለት ደግሞ እዚያ በዓለ ማርያም እንደነበር ነገርሽኝ። ሥዕሏን ተሸክመው እስከ ጀልባዎቹ ድረስ እንደወረዱ፣ አንቺም ከኋላ ተከትለሽ ቁስቋም ትዝ ብሎሽ እንዳለቀስሽ። እኔም በዚያው ቀን ቁስቋም ነበርኩ አልኩሽ፣ ሌላ አልጨመርኩም። መሃል ላይ «ምንድነው የሚንኳኳው?» ብለሽ ጠየቅሽ። ዕቃ እየጫኑ ነው አልኩሽ። ቋሚዎቹን ወደ ዕድር ቤት እየመለሱ ነበር። ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። አራት ቀን ይቀረኛል ስትዪ ሰማሁሽ። እኔ አራት ቀንሽን አልበላብሽም። ደብዳቤው ዞሮ እስኪደርስ አንቺም አቴንስ ትመለሻለሽ፣ ያኔ እንደፈለግሽ አልቅሺ።

ሶሊያናን ሳቀርብልሽ «እማዬ» ብላ ረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ አንቺ መስመሩ የተቆረጠ መስሎሽ ሃሎ ሃሎ ትያለሽ። ከዚያ ስለ ጫማ ቁጥሯ አወራችሽ፣ ሠላሳ ስድስት ሆኗል።

ቤት ስንገባ ሞቀኝ ብላ ሹራቧን አወለቀች። ከውስጥ ምን ለብሳ እንደነበር ልንገርሽ። አባትሽ ለጥምቀት የሠራልሽን፣ ያቺን የልጅነትሽን ትንሿን ነጠላ ደረቷ ላይ ጠምጥማታለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ። አዘቅዝቃለች ሔለን። ሐሙስ ጠዋት ነቅታ በሩ ላይ ጆሮዋን አስደግፋ ሁሉን ሰምታ ኖሯል። አራት ቀን ሐዘን ተቀምጣለች፣ ብቻዋን፣ ከሹራብ ሥር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «አንቺ እኔ ያላወቅሁ መስሎሽ ነዋ፣ ማወቄን እንዳታውቂ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ለእሷ ስደብቅ እሷ ለእኔ ስትደብቅ፣ አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ለጀርባ። ነጠላውን ከላይዋ ፈትቼ ጥለቱን ወደ ታች አዙሬ መልሼ አለበስኳት። ከዚያ ያን ሰዉን የከለከልኩትን ለቅሶ ሁለታችን አለቀስነው።

አልተቆጣሁሽም። ትንሽ ተቆጥቼሻለሁ። ስትመለሺ አዲስ ስልክ ግዢና መጀመሪያ ለሶሊያና ደውዪ፣ እኔ እቆያለሁ። ባሕሩ ዳር ደግመሽ ሂጂ፣ ደስ ይበልሽ፣ የዚያን አውሬ እግር በጾም ይበሉት እንደሆነ ጠይቀሽ ላኪብኝ። ግን ከእንግዲህ ስትተኚ ተኛሁ በይ፣ ሽርሽር ስትሄጂ ሽርሽር ሄድኩ በይ። ያቺን ቃል ለእኔ ተዪልኝ። ተራዬ ሲደርስ ወልዱ ይናገራታል፣ ያኔ አይሳሳትም።

ለወይዘሮ ፎቲኒ እጅ ንሺልኝ፣ ልጄን ስላሳረፉልኝ ልጆቻቸውን መርቂልኝ። ልዩን ሳሚልኝ፣ እዚህ በእሷ መልእክት የሆነውን ለእሷ አትንገሪ። ተስፋሁን ሰላም ይልሻል፣ ይህን ስጽፍ መወርወሪያው ጠቅ ጠቅ ሲል እየሰማሁት ነው። ወልዱ ስምሽን ከመዝገቡ እንዳጠፋው ንገሪልኝ ብሏል፣ በላጲስ ነው፣ ጥሎብኝ አየሁት፣ ጠፍቷል። ሶሊያና ጎኔ መጥታ ተቀምጣለች፣ የመጨረሻውን መስመር እሷ ልጻፍ ብላለች።

እማዬ ሁሉንም አነበብኩት። እማማ ስምሽን በትክክል ነው የጀመረችው።

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.